ያልሮጠችው ዶሮ

የሞተው ሰው በሁለተኛው ክፍል ሲሚንቶ ላይ በደረቱ ተደፍቷል። ግራ እጁ ወደ በሩ ተዘርግቷል። በሩ ከውጭ ተቆልፎ ነበር። በግድግዳው ዙሪያ በተደረደሩት የሽቦ ጎጆዎች ውስጥ ሁለት መቶ አርባ በቀቀኖች ምንም እንዳልተፈጠረ ይንጫጫሉ።

ሟቹ የማቆያው የእንስሳት ሐኪም ነበር። ከውጭ የሚገቡ ወፎች ገበያ ከመውጣታቸው በፊት እዚህ ሠላሳ ቀን ተዘግተው ይቆያሉ፤ ይመረመራሉ። ንጹሕ ከሆኑ ይለቀቃሉ። አንዷ እንኳ ፈንግል የሚባለው የወፍ በሽታ ከተገኘባት በክፍሉ ያሉት በሙሉ ይገደላሉ። የሁለተኛው ክፍል በቀቀኖች ሃያ ዘጠነኛ ቀናቸው ነበር።

መርማሪዋ አምስት ሰዓት ላይ ደረሰች። አርባ ዓመት ያለፋት፣ አጭር፣ ድምፅዋ ዝቅ ያለ ሴት ናት። የሥራ ጓደኞቿ «ቆጣሪ» ይሏታል። እንደ መብራት ቆጣሪ ግድግዳ ይዛ ዝም ትላለች፤ የሚያልፋት ግን የለም።

ዘበኛው በር ላይ አስቆማት።

«ከገቡ መውጣት የለም፤ ደንቡ ነው። የበሽታው ምርመራ ውጤት እስኪመጣ ሁላችንም እዚሁ ነን።»

«ስንት ናችሁ?»

«ውስጥ ያሉት አራት። እኔ በር ላይ ስለሆንኩ አልቆጠርም።»

«እኔ እቆጥርሃለሁ» አለችና ገባች።

የማቆያው ኃላፊ ኮሪደሩ ላይ ተቀበላት። ረጅም፣ ከረባት ያሰረ ሰው ነው። ከረባቱን በነጭ ቱታው ላይ አውጥቶታል።

«ነገሩ ግልጽ ነው» አለ በሹክሹክታ። «የሁለተኛው ክፍል ቁልፍ ሁለት ብቻ ነው። አንዱ በሟቹ ኪስ ተገኝቷል። ሌላው የመጋቢዋ ነው። ለፖሊስ ተናግሬያለሁ። ደንቡ ሲፈቅድ መኪና መጥቶ ይወስዳታል።»

«ታውቃለች?»

«ነግሬያታለሁ።»

«ምን አለች?»

«‹ወፎቹን ማን ያበላቸዋል?› አለች።»

መጋቢዋ ስድሳ ዓመት ሊሞላት ጥቂት የቀራት ቀጭን ሴት ናት። ሁሉም «እትዬ» ይሏታል። አንገቷ ላይ ባንጠለጠለችው ገመድ ያ ቁልፍ ተንጠልጥሏል። መርማሪዋን ልብስና ቦት ጫማ አስቀይራ በክፍሎቹ አስገባቻት። በመጀመሪያው ክፍል ስታልፍ አንድ የእህል ዕቃ አነሳች፤ እፍ አለችበት፤ ሞላችው፤ መለሰችው። እጇ ሥራውን ሲሠራ አፏ ሌላ ያወራ ነበር።

ሁለተኛው ክፍል ሲደርሱ መርማሪዋ ወለሉን አይታ ቆመች። ከጎጆዎቹ ሥር ሲሚንቶው በቀይ ነጠብጣብ ተሞልቷል።

«ይህ ሁሉ ደም ነው?»

«ኩሳቸው ነው ልጄ። ቀይ ስር እየበሉ ነው። ከሦስት ቀን ወዲህ ነው፤ ዶክተር ስላዘዘ።»

«ለምን አዘዘ?»

«እኔም ጠይቄው ነበር። ‹ይስጧቸው ብቻ፤ ለማንም አያውሩ› አለኝ። እኔ ደግሞ ለማን አወራለሁ? ከወፍ ጋር ነው የምውለው።»

በክፍሉ ጥግ በሽቦ የታጠረ ዝቅ ያለ ቦታ ነበር። አራት ዶሮዎች አሉበት። ከእያንዳንዱ የወፍ ጭነት ጋር አራት ያልተከተቡ ዶሮዎች ይቀመጣሉ። በቀቀን በሽታውን ይዞ ጤነኛ መስሎ ሊሰነብት ይችላል፤ ዶሮ ግን ፈንግል ሲነካት ቶሎ ይታይባታል። ሠራተኞቹ ስለዚህ «ምስክሮቹ» ይሏቸዋል።

«ቀይ ስሩን ዶሮዎቹም ይበላሉ?»

«አይሰጣቸውም። እነሱ የራሳቸው ፉርሽካ አላቸው።»

መርማሪዋ እጇን ወደ አጥሩ አስገባች። ሦስቱ ዶሮዎች ክንፋቸውን እያራገቡ ሮጡ። አራተኛዋ ላባዋን ነፍታ፣ ዓይኗን ከድና ባለችበት ቀረች።

«ይቺስ?»

«ከትላንት ጠዋት ጀምሮ እንዲህ ናት። ማታ ለዶክተር ስነግረው ፊቱ ተለወጠ። ‹ነገ በጠዋት እኔው ራሴ እገባለሁ› አለኝ። ገባም። ሁለት ሰዓት ላይ።»

«እርስዎስ መቼ ገቡ?»

«አንድ ሰዓት ላይ አብልቼ ወጣሁ፤ አልተመለስኩም። ሌሎቹን ክፍሎች ስጠርግ ቆይቼ ሦስት ሰዓት ላይ ልታጠብ ሄድኩ። ከወፍ ክፍል የወጣ ሰው ገላውን ሳይታጠብ ወደ ንጹሑ ወገን አያልፍም። ሃያ ደቂቃ ይፈጅብኛል።»

«ቁልፉን ይዘው ይታጠባሉ?»

«ምስማር ላይ ሰቅዬ። ይዝጋል።»

«ይህን ማን ያውቃል?»

«ወፎቹ ሳይቀሩ።»

መርማሪዋ ተንበረከከች። የቀይ ስሩ ነጠብጣብ ወደ ሐምራዊ ያደላል። ከሬሳው አጠገብ ያለው ግን ጠቁሮ ደርቋል። ያንን ብቻ እየለየች በዓይኗ ተከተለችው። ከውሃ ገንዳው የሲሚንቶ ጠርዝ ይነሳል። እዚያ ላይ ፀጉር ተጣብቋል። ከጠርዙ እስከ ሬሳው ሁለት እርምጃ ተኩል ነው። ሐኪሙ የተመታው ማጅራቱን ነው፤ የተገኘው ግን በደረቱ ነው። የቀኝ እጁ ጓንት ተበጣጥሷል፤ ጣቶቹ ላይ ትኩስ የንክሻ ምልክት አለ። ሦስት ቆጠረች።

የአስከሬን ሐኪሙን በስልክ አነጋግራ ፎቶግራፎቹን ላከችለት። መልሱ አጭር ነበር። ሰውዬው ከወደቀ በኋላ ግማሽ ሰዓት ያህል በሕይወት ሳይቆይ አልቀረም።

ታጥባ ወጥታ በኃላፊው ቢሮ ውስጥ አስመጪውን አገኘችው። በቀቀኖቹ የእሱ ናቸው። ወፍራም ነው፤ ቱታው ከሆዱ ላይ አልዘጋ ብሎታል።

«እህቴ፣ ነገ ሠላሳ ቀን ይሞላል። ወፎቼ መቼ ይወጣሉ?»

«ሰው ሞቷል።»

«ነፍስ ይማር። ወፎቹስ?»

ጣቶቹን አየች። ጠባሳ ያልነካው ጣት የለውም። የአንዱ ጫፍ ጎድሏል።

«ይህን ማን በላው?»

«አንድ ግራጫ በቀቀን። ሰላም ልለው ብዬ ነው።»

«ከዶክተሩ ጋር ትጣሉ ነበር?»

«ሁልጊዜ! ሰውዬው በልመና አይገባው፣ በስጦታ አይገባው፣ በስድብ አይገባው። ሦስቱንም ሞክሬያለሁ። ግን ልንገርሽ፤ እሱ የፈረመበትን ወፍ ገዢ አይጠራጠረውም። እሱን ገድዬ ማንን ላስፈርም ነው?»

«ከሦስት እስከ አራት ሰዓት የት ነበሩ?»

«እዚሁ ወንበር ላይ። ይኼ ሰውዬ ደንብ ሲያነብብልኝ።»

ኃላፊው ጉሮሮውን ጠረገ። «ልክ ነው። አራት ሰዓት ላይ ወፎቹን በመስታወት ላሳየው ስወጣ ነው ሬሳውን ያየሁት።»

«ሁለታችሁም ወፎቹ እንዲወጡ ትፈልጋላችሁ። ሁለታችሁም አብረን ነበርን ትላላችሁ።»

ኃላፊው ፊቱ ቀላ። «ምን ማለትዎ ነው?»

«የሰማሁትን መድገሜ ነው። እርስዎ ወፍ ይይዛሉ?»

«እኔ? በፍጹም። እፈራለሁ።»

ሲናገር አላፈረም። እጆቹ እንደ አዲስ ሳሙና ለስላሳ ነበሩ።

አራተኛው ሰው ናሙና ወሳጁ ነው። ሥራው የጥጥ ዘንግ በወፎቹ ኩስ መውጫ አስገብቶ ማውጣትና በብልቃጥ አሽጎ ወደ ላቦራቶሪ መላክ ነው። ሠላሳ ዓመት ቢሆነው ነው። መርማሪዋ ስትገባ ተነስቶ ወንበር ለቀቀላት።

«ስንት ናሙና ወሰድክ ወንድሜ?»

«ስልሳ። ትላንት ከሰዓት በኋላ። ከስልሳ በቀቀን፣ ከእያንዳንዱ አንድ።»

«ብቻህን?»

«ብቻዬን። ሁለት ዓመት እንዲሁ ነው የሠራሁት።»

«አይነክሱም?»

«አያያዙን ማወቅ ነው።» ፈገግ አለ።

እጆቹን ጠረጴዛው ላይ ዘርግቷል። ቀኝ አውራ ጣቱ ላይ አንድ አሮጌ ጠባሳ አለ። ሌላ የለም።

«ዛሬ ጠዋት ምን አየህ?»

ወደ በሩ አይቶ ድምፁን ቀነሰ። «በሰው ላይ መናገር አልወድም። እትዬ እንደ እናቴ ናት። ግን ሦስት ሰዓት ከሩብ ላይ በኮሪደሩ ሳልፍ በመስታወቱ አየኋት። ውስጥ ነበረች፤ የእህል ዕቃዎቹን እየሞላች። ዶክተር ይቆጣታል፤ እሷም ትመልስለታለች። ጣልቃ አልገባም ብዬ አለፍኩ።»

«ስትሞላ አየህ?»

«በዓይኔ። አሁንም ሄደው ቢያዩት ሙሉ ነው።»

«እሷ በዚያ ሰዓት እየታጠብኩ ነበር ትላለች።»

«ትላለቻ!»

መርማሪዋ አመስግናው ወጣች። ቀጥታ ወደ ሁለተኛው ክፍል ሄዳ የመጀመሪያውን የእህል ዕቃ አነሳች። እስከ አፉ በሱፍ የተሞላ ይመስላል። መጋቢዋ ስታደርግ እንዳየችው እፍ አለችበት። ቅርፊቱ በነነ። ከሥር አምስት ፍሬ ቀረ። ሁለተኛውንም እፍ አለች። የአስራ ሁለቱንም ጎጆዎች ዕቃ ጨርሳ ቀና ስትል ቅርፊት በቅርፊት ሆናለች።

መጋቢዋ በሩ ላይ ቆማ ታያታለች።

«ልጄ፣ ወደ ውጭ ነው እፍ የሚባለው፤ ወደ ራስ አይደለም።»

«ከሬሳው መገኘት ወዲህ የሞላቸው ሰው አለ?»

«ማን አስገብቶኝ? ጠዋት አንድ ሰዓት የሞላኋቸው ናቸው። ፍሬውን በልተው ቅርፊቱን እዚያው ይተዉታል። ያላወቀ ሰው ሙሉ ይመስለዋል። በመጀመሪያው ሳምንቴ እኔም ተታልዬ አስርቤያቸው ነበር።»

«ሦስት ሰዓት ላይ ተሞልተው ቢሆንስ?»

«እስካሁን ግማሹ ይኖር ነበራ።»

ታጥበው መመገቢያ ክፍል ገብተው ተቀመጡ። ውሃና ናሙና አብረው የሚቀመጡበት አንድ ማቀዝቀዣ አለ፤ መጋቢዋ ወንበሯን አስጠግታበታለች።

«እትዬ፣ ከመጣሁ ወዲህ ሦስት ጊዜ ይህን ማቀዝቀዣ ከፍተው ዘግተዋል። ውሃ ግን አልጠጡም።»

መጋቢዋ የማቀዝቀዣውን በር በክርኗ ተደገፈች።

«ምን ደብቀዋል?»

«ለሞተ ሰው የገባሁት ቃል ነው። ‹ለማንም› ብሎኛል። ማንም ሲል አንቺም ትገቢበታለሽ።»

«መኪና እየመጣብዎ ነው።»

«አውቃለሁ።»

«እርስዎ ቃልዎን ጠብቀው ይታሰራሉ። እሱን የገደለው ደግሞ ነገ ሥራ ይገባል።»

መጋቢዋ እጆቿን ጭኗ ላይ ጠረገች። ከዚያ ተነሳች። ከውሃ ጠርሙሶቹ ኋላ ትንሽ ሣጥን አወጣች።

«ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ በዕቃ ማሳለፊያው መስኮት ሰጠኝ። ‹ዶሮዋን መርምሬ እስክጨርስ ይደብቁልኝ› አለ። እጁ እየደማ ይስቅ ነበር። እንዲያ ሲስቅ አይቼው አላውቅም።»

ውስጡ አስራ አራት ብልቃጥ አለ። በየብልቃጡ ያለው የጥጥ ጫፍ ቀይ ነው። መርማሪዋ ገና ያልተላከውን የናሙና ወሳጁን ሣጥን ከላይኛው መደርደሪያ አውርዳ ከጎኑ አስቀመጠችው። ስልሳ ብልቃጥ። አንድ በአንድ ወደ ብርሃን አነሳቻቸው። አንድም ቀይ የለም።

ሁለቱንም ሣጥኖች በመድኃኒት ነክረው በዘበኛው በኩል ወደ ላቦራቶሪ ላኩ። ዛሬውኑ እንዲመረመሩ ጠየቀች። ስልኩ አስር ሰዓት ላይ ጮኸ። አዳመጠች፤ ሁለት ቁጥር ጻፈች፤ አራቱንም ወደ ኮሪደሩ ጠራች።

በመስታወቱ ፊት ለፊት ቆሙ። ሬሳው ተነስቷል። ወፎቹ እህል አጥተው ጩኸታቸው በርትቷል።

«መጀመሪያ ቁልፉ» አለች መርማሪዋ። «እትዬ ስትታጠብ ምስማር ላይ ይሰቀላል። ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ስለዚህ ቁልፉ ማንንም አይለይም።»

ኃላፊው ከረባቱን አላላ።

«ሁለተኛ። ሦስት ሰዓት ከሩብ ላይ እትዬ እዚህ ገብታ ዕቃዎቹን ስትሞላ አየሁ ያለ ሰው አለ። ዕቃዎቹን እፍ ብዬ አየሁ። ቅርፊት ናቸው። ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ወዲህ አልተሞሉም። ያ ሰው ውሸቱን ያሳመረው ሙሉ ዕቃ ስላየ ነው። አስመጪው ቢዋሽ እንዲህ አይዋሽም፤ ወፍ ያሳደገ ሰው ነው።»

«እኔ ስዋሽ አልያዝም» አለ አስመጪው።

«ናሙና ወሳጁ ግን ሁለት ዓመት ከወፍ ጋር ሠርቷል። እንዴት ይህን አያውቅም? እጆቹን አየሁ። ዶክተሩ በግማሽ ሰዓት አስራ አራት በቀቀን ይዞ ሦስት ጊዜ ተነክሷል። እሱ በሁለት ዓመት አንድ ጠባሳ ብቻ አለው። ኃላፊውም እጃቸው ንጹሕ ነው፤ ግን ወፍ እፈራለሁ ብለው ነገሩኝ። አንተ አያያዙን አውቃለሁ አልክ።»

ናሙና ወሳጁ እጆቹን ወደ ኪሱ አስገባ።

«ዶክተሩ ሳይጠረጥርህ አልቀረም። ከሦስት ቀን በፊት በቀቀኖቹ ቀይ ስር እንዲበሉ አዘዘ። ከበቀቀን የተወሰደ ናሙና ሁሉ ቀይ ሆኖ ይወጣል። የእሱ አስራ አራቱ ቀይ ናቸው። ከአንተ ስልሳ ውስጥ አንድም የለም። ቀይ ስር ያልበሉት እዚያ ጥግ ያሉት ዶሮዎች ብቻ ናቸው።»

«ቀለም ምን ያረጋግጣል?» አለ ናሙና ወሳጁ።

«ብቻውን ምንም። ላቦራቶሪው የቀረውን ነገረኝ። ከዶክተሩ አስራ አራት ናሙና ፈንግል የተገኘው በሁለቱ ነው። በአንተ ናሙና በስንቱ ይመስልሃል?»

መርማሪዋ ቁጥሮቹን የጻፈችበትን ወረቀት ዘረጋችለት።

«በስልሳውም። በቀቀኖቹ ስልሳ ከስልሳ ታመው ቢሆን በዶክተሩ አስራ አራት ናሙናም በሁሉም ይገኝ ነበር። የተገኘው ግን በሁለቱ ብቻ ነው። ስልሳው ጥጥ የገባው አንዲት ዶሮ ውስጥ ነው። አራት ዶሮ አለ። እጅ ሲገባ ሦስቱ ይሮጣሉ። አንተ ያልሮጠችውን ያዝክ። ለምን እንዳልሮጠች አልጠየቅክም።»

አስመጪው ግድግዳውን ተደግፎ ቀስ ብሎ ወለሉ ላይ ተቀመጠ። «ታመዋል ማለት ነው» አለ።

«በመጀመሪያው ሳምንት ነው የነከሰኝ» አለ ናሙና ወሳጁ። «አጥንቴ ድረስ። ከዚያ ወዲህ ጎጆ ስከፍት እጄ ይንቀጠቀጥ ጀመር። አንድ ጊዜ ከዶሮ ወሰድኩ። ማንም አላወቀም። በሁለተኛውም ማንም አላወቀም።»

«ዛሬ ጠዋትስ?»

«ገብቼ ለመንኩት። ‹ዛሬውኑ እጽፋለሁ፤ በአንተ ናሙና የወጣ ወፍ ሁሉ ይፈለጋል› አለኝ። ገፋሁት። ልገድለው አልነበረም። አዳለጠውና ገንዳው ላይ ወደቀ።»

«አምንሃለሁ» አለች መርማሪዋ። «ስትገፋው ልትገድለው አልነበረም። ከዚያ ወጥተህ ቁልፉን ከምስማሩ አወረድክ። ከገንዳው እስከ ሬሳው ሁለት እርምጃ ተኩል ነው፤ ወደ በሩ በደረቱ ተስቦ መጥቷል። ግማሽ ሰዓት ያህል በሕይወት ነበር። ጮኸህ ሰው ብትጠራ ይተርፍ እንደሆነ አላውቅም። አንተ ግን ቆልፈህበት ቁልፉን መልሰህ ሰቀልክ።»

ናሙና ወሳጁ ወደ መስታወቱ ዞረ።

«ስሜን ሲጠራ ሰምቻለሁ» አለ።

መጋቢዋ ወደ እሱ ዞረች።

«በእኔ ልታሳብብ ነበር? እንጀራዬን ልትነጥቀኝ፣ ዕድሜዬን ልትቀማኝ ነበር? እንደ እናቴ ናት ብለህ?»

አንገቱን ደፋ።

ለእሷ የተጠራው መኪና አስራ አንድ ሰዓት ላይ መጣ። ናሙና ወሳጁን አሳጥበው፣ ልብስ አስቀይረው ይዘውት ሄዱ። ኃላፊው በሁለት ዓመት የተለቀቁትን ጭነቶች ዝርዝር ይዞ ስልክ ላይ ነበር። ስልኩን እጁ ላይ እንደያዘ ወደ መጋቢዋ መጣ። ከረባቱን ፈትቷል።

«እትዬ፣ በድዬዎታለሁ።»

«በድለኸኛል።»

«ይታጠቡና ወደ ቤትዎ ይሂዱ። ውጤቱ መጥቷል፤ ደንቡ ይፈቅዳል። ወፎቹን የሚያስወግዱ ሰዎች በመንገድ ላይ ናቸው። በጋዝ ነው፤ ቶሎ ያልቃል።»

«ከጎጆ ማን ያወጣቸዋል?»

«እነሱው።»

«ወፎቹ አያውቋቸውም። ሁለት መቶ አርባውም ሽቦ ላይ ይላተማሉ።»

«እትዬ፣ ቀኑን ሙሉ የተጉላሉት ይበቃል። በሩ ክፍት ነው።»

ክፍት ነበር። ዘበኛው ይዞላት ቆሟል። ከበሩ ማዶ መንገዱ ይታያል፤ ሰዎች ከሥራ ይመለሳሉ። መጋቢዋ ጥቂት አየችው። ከዚያ ወደ ጫማ ማስቀመጫው ሄዳ የሁለተኛውን ክፍል ቦት ጫማ አወረደች። አጎንብሳ ስታጠልቅ ወገቧን ያዘች።

«በባዶ ሆዳቸው አይሆንም» አለች። «ሰዎቹ እስኪደርሱ አብልቼ እጨርሳለሁ። ከዚያ አንድ በአንድ እኔው ከጎጆ እያወጣሁ እሰጣቸዋለሁ።»

የሱፉን ባልዲ አንስታ ገባች። ጩኸቱ በአንድ ጊዜ ጸጥ አለ።